ማን ሾመህ፣ ክሮም?

ለገሃር አካባቢ ባለው የመሥሪያ ቤታችን ሕንፃ በር ላይ፣ በየቀኑ ጠዋት ሁለት እጆቼን እንደ ተማረከ ወታደር ወደ ላይ አነሣለሁ። ጥበቃው ወገቤን ይዳብሳል። ቁልፌን፣ ሳንቲሜንና ስልኬን ትሪው ላይ ያስራግፈኛል። ምሳ ዕቃዬን አስከፍቶ ሽሮው የምር ሽሮ መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጣል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው» ይለኛል። «ኧረ ምን ገዶኝ፣ ለእኛው ደኅንነት አይደል!» እለዋለሁ። ባንክ ብሄድ ያው ነው፤ ማኪያቶ ልጠጣ ካፌ ብገባም ያው ነው። መሀል አዲስ አበባ ውሎ ሦስት ጊዜ ያልተዳበሰ ሰው ካለ፣ ወይ ታሟል ወይ ከቤቱ አልወጣም።

ስለዚህ ፍተሻ የማይወድ ሕዝብ ናችሁ የሚለን ቢኖር ሐሜት ነው። እንወዳለን። የምንጠላው የሚፈልገውን ነገር ለይቶ የሚያውቅ ፈታሽ ሲገጥመን ብቻ ነው።

ይህንን ያስተማሩኝ የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ከፊቴ ተሰልፈው፣ ቀበቷቸውን ሳይቀር ፈትተው፣ «የኔ ልጅ፣ ኪሴንም እይልኝ» ብለው ለጥበቃው ሲተባበሩ አየኋቸው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው «ፒችትሪ ከነክራኩ» ያወርዱ ነበር። (ፒችትሪ የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም ነው፤ ክራክ ደግሞ ሳይገዙት እንዲሠራ ፈቃዱን የሚሰብረው መሣሪያ። ፒችትሪ ስሙን ለውጦ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። ከተማችን ግን እንኳን የሶፍትዌር የሰፈርም ስም ቶሎ አትለውጥም።) ፋይሉ ወርዶ ሊያልቅ ሲል፣ ኢንተርኔት የሚከፍቱበት ብሮውዘር፣ ክሮም፣ ቀይ ምልክት አወጣ፤ ይህ ፋይል አደገኛ ነው፣ አግጄዋለሁ አለ።

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አጠለቁና አነበቡት። ከዚያም ለመላው ክፍል በሚሰማ ድምፅ ጠየቁ፦

«ማን ሾመው?»

ጸጥ አልን። እውነትም ከባድ ጥያቄ ነው። የበሩ ጥበቃ የቅጥር ደብዳቤ አለው፣ ዩኒፎርም አለው፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ይፈርማል። ክሮም የማን ቅጥረኛ ነው?

እኔ የማውቀውን ያህል ላስረዳ ሞከርኩ። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ጉግል የክፉ ድረ ገጾችና የክፉ ፋይሎች መዝገብ አለው። ብሮውዘርዎ የመዝገቡን አጭር ቅጂ ይዞ ይዞራል፤ እንደ ጣት አሻራ ያለ፣ ግን የአሻራውን ጫፍ ብቻ፣ 4 ባይት ያህል። አንድ ነገር ከጫፉ ጋር ከገጠመ ዋናውን መዝገብ ይጠይቃል። ፋይል ሲያወርዱ ደግሞ ከየት መጣ፣ ማን ፈረመበት፣ ከዚህ በፊት ስንት ሰው አውርዶታል ብሎ ያጣራል። ሌላው ብሮውዘር ፋየርፎክስም በዚሁ መዝገብ ነው የሚሠራው። ማይክሮሶፍት ስማርትስክሪን የሚባል የራሱን ፈታሽ ካቆመ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ነው። ክሮምም አደገኛነቱን የለየውን ፋይል ራሱ እንደሚያግድ የተነገረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2013 ነበር። ፋየርፎክስ በዓመቱ ተከተለ። አዲስ ሹመት አይደለም።»

ኃላፊያችን በትዕግሥት አዳመጡኝ። «ማን ፈረመበት» የምትለዋን ግን ጆሯቸው አልያዛትም መሰለኝ።

ያልያዛት ለምን እንደሆነ ልናገር፤ ነገሩ ትንሽ የግል ነው። ባለፈው ዓመት ለሥራ ደብረ ብርሃን ሄጄ ተመለስኩና የውሎ አበሌን ለማወራረድ የሆቴል ደረሰኝ አቀረብኩ። እኒሁ ሰው ደረሰኙን ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። መጀመሪያ ክብ ማኅተም የለውም ተባለ። ማኅተሙ ተመትቶ ሲመጣ ፊርማውን አልነካውም ተባለ። ማኅተሙ ፊርማውን እንዲነካ ሆኖ ሲመጣ ቲተሩ ደብዝዟል ተባለ። ለ4 ቀን አበል ሦስት ጊዜ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። ያን ቀን ግን ኮምፒውተራቸው ላይ «አሳታሚው ያልታወቀ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ማኅተም የለ፣ ፊርማ የለ፣ ቲተር የለ፣ ከየት እንደመጣ እግዜር ብቻ የሚያውቀው ፕሮግራም እየጫኑ ነበር። አልፈረድኩባቸውም። ጥርጣሬያቸውን ሁሉ እኔ ላይ ጨርሰውት ለኮምፒውተሩ የተረፈ አልነበራቸውም።

የአይቲ ልጃችን ተጠራ። ጎበዝ ልጅ ነው። መልእክቱን ገና ሳያነብ ሳቀና፣ «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ክራክ ስለሆነ ነው» አለ።

በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ብቆይ አይፈረድብኝም፤ የከተማችን የኮምፒውተር ነገረ መለኮት የቆመው በእሷ ላይ ነውና። ትምህርቱ እንዲህ ነው። ክራክ ሁልጊዜ ቫይረስ ይመስላል እንጂ ቫይረስ አይደለም። ስለዚህ ቫይረስ ነው ሲሉህ ክራክ ነው ማለት ነው። ክራክ ከሆነ ደግሞ ይሠራል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ቀይ ምልክቱ የጥራት ማረጋገጫ ሆኖ ቁጭ ይላል። እንዲያውም ምልክቱ ሲቀር የሚጨነቁ ሰዎች አውቃለሁ፤ «ዝም ካለማ ውስጡ ክራክ የለውም፤ ተሸወድኩ» ይላሉ።

በትምህርቱ ውስጥ ቅንጣት እውነት መኖሯ ነው የበለጠ የሚያስመሰግነን። የሌላ ፕሮግራም ፈቃድ የሚሰብር መሣሪያ፣ ሌላ ተንኮል ባይኖርበት እንኳ፣ በአንዳንድ አንቲቫይረስ ይከሰሳል፤ የሚሠራው ሥራ ራሱ የሌባ ሥራ ስለሚመስል። እሺ። ነገር ግን እውነተኛው ሌባ ይህንን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ሰው ማስጠንቀቂያ ሲጮህ «ይሄማ የተለመደ ነው» ብሎ የሚያልፍበት አንድ በር ካለ፣ ሌባው ዕቃውን ይዞ ሌላ በር ላይ ምን ይሠራል? ያውም ባለቤቱ ቆሞ በሩን ይዞለት።

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ሲተርቱ ምኞታቸው ምን እንደነበር ግልጽ ነው፤ ጅቡ ሳይገባ የሚጮህ ውሻ ማግኘት። ልጆቻቸው አገኘን። ገና አጥሩ ላይ ሳለ ነው የሚጮኸው፤ ያውም በነጻ፣ ያለ ፍርፋሪ። በድንጋይ አልነው።

አሁን ደግሞ ብልሃታችንን ላመስግን። ማይክሮሶፍት የፈረንጅ ሰው ሞኝ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ያልታወቀ ፕሮግራም ሲከፈት ሰማያዊ ሰሌዳ ያወጣና በግልጽ የሚታየውን ቁልፍ «አታስኪድ» የሚለውን ብቻ ያደርጋል። «ራን ኤኒዌይ» የሚለውን «ሞር ኢንፎ» ከምትባል ደቃቃ ጽሑፍ ጀርባ ደብቆታል። ጽሑፏን ያልነካ አያገኘውም። የሕንፃችን የአደጋ ጊዜ መውጫ በየት በኩል እንደሆነ ለአራት ዓመት ያላወቀ ሠራተኛ፣ «ራን ኤኒዌይ» ያለበትን በሁለት ሴኮንድ ያገኘዋል። ክሮምም ያገደውን ፋይል ዳውንሎድ ገጹ ውስጥ ገብቶ «ኪፕ» የሚል ሰው መቼም አይመጣም ብሎ ሳያስብ አልቀረም። አልቀናውም። በለገሃሩ የይሁዳ አንበሳና በብሔራዊ ቴአትሩ የድንጋይ አንበሳ መካከል አንድ ሦስተኛ ሐውልት የሚበቃ ቦታ አይጠፋም፤ አንዲት የቀኝ እጅ አመልካች ጣት፣ ማውስ ላይ እንዳረፈች። ከሁለቱ አንበሶች የበለጠ ደፋር እሷ ናት።

ድፍረቱን በነጻ የሚያሠለጥኑ የቴሌግራም ቻናሎችም አሉን፤ ምስጋናው አይቅርባቸው። ከአንዱ የገለበጥኩት መመሪያ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ መጀመሪያ አንቲቫይረሳችሁን አጥፉ፤ ሁለተኛ ዚፑን በፓስወርድ 1234 ክፈቱ፤ ሦስተኛ አድሚን ሆናችሁ አስነሡት፤ ሼር ማድረግ እንዳትረሱ ወገን። እስቲ ከዚህ የበለጠ ግልጽነት የት ይገኛል? ሌባ ከመምጣቱ በፊት ደብዳቤ ጽፎ «ሐሙስ ማታ ስለምመጣ ውሻውን እሰሩልኝ፣ የበሩን መብራት አጥፉልኝ፣ ቁልፉን ጎረቤት አስቀምጡልኝ፣ ለጎረቤታችሁም ንገሩልኝ» ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ሌላ ከተማ ካለ ይነገረኝ። እኛ ደግሞ ጨዋ ስለሆንን እናስራለን፣ እናጠፋለን፣ እናስቀምጣለን፣ ሼር እናደርጋለን።

የዚፑ ፓስወርድ ለምን እንዳስፈለገ የጠየቀ አላጋጠመኝም። የተቆለፈ ዚፕ ፈታሹ ውስጡን ሊያየው አይችልም፤ ነገሩ ይኸው ነው። በሕንፃችን በር ላይ አንድ ሰው ቁልፍ የተበጀለት ሻንጣ ይዞ ቢመጣ ጥበቃው ካልከፈትክ አትገባም ይለዋል። ጉግልም ይህንን ብልሃት ነቅቶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፍተኛውን የጥበቃ ደረጃ ለመረጡ ሰዎች ክሮም አጠራጣሪ ሲሆንበት የዚፑን ፓስወርድ እንዲጠይቅ አደረገ። ይህንን ለአይቲ ልጃችን ብነግረው ደነገጠ። «ፓስወርድማ ለማንም አይሰጥም!» አለኝ። 1234ን ማለቱ ነው።

ብሮውዘር በሌለበትም ቢሆን አንሰንፍም። ሰኔ ሲመጣ አራት ኪሎ ዙሪያ ያሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችን አይታችሁ እንደሆነ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም በተሰለፈ ተማሪ ሁሉ አንገት ላይ ፍላሽ ተንጠልጥሏል። አንድ ቀን እኔም ገብቼ ፍላሼን ሰጠሁ። ልጅቷ ሰካችውና ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ፍላሽዎ ሾርትከት ሆኗል። ቫይረስ ይዘው መጥተው ኮምፒውተሬን በከሉብኝ።»

«የኔ እህት፣ ትናንት እዚሁ ነው ያሳተምኩት! ከእናንተ ነው የያዘኝ!»

«እኛ ጋ ቫይረስ የለም።»

«እኔ ጋም አልነበረም።»

ከኋላዬ ያለው ተማሪ ፈገግ ብሎ፣ «ከእኔም ሊሆን ይችላል» ብሎ አስታረቀን። ልጅቷ «አትሪብ» የምትለዋን ትእዛዝ እንደ አባታችን ሆይ በቃሏ ስለምትወጣት፣ የተደበቁትን ፎልደሮች በሁለት መስመር አወጣቻቸው። ከዚያ የተማሪውን ፍላሽ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሰካች። እጅ ሳይታጠቡ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ እንደ መሄድ ነው፤ ግን ሰልፉ ረጅም ነበር።

የዚህች ትንሽ ፕላስቲክ ውለታ በቂ ምስጋና አላገኘም። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ላይ «ይህ ከውጭ የመጣ ነው» የሚል የማይታይ ምልክት ይለጥፋል፤ ፋይሉን ስትከፍተው ስማርትስክሪን የሚነሣው ምልክቱን አይቶ ነው። ፋይሉን ፋት 32 በተባለው ሥርዓት በተሰናዳ ፍላሽ ስታዘዋውረው ምልክቱ እዚያው ይራገፋል። ማዶ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ የአገር ልጅ ነው፤ ከየት መጣህ የሚለው የለም። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አውርዶ አሥር ሰው በፍላሽ ሲካፈል የኖርነው ለዳታ ቁጠባ ብለን ነበር፤ ለካ የጉምሩክ ሥራም እየሠራን ነው። በነገራችን ላይ የዳታው ነገር ቀልድ አይደለም። አፕዴት ጥቅል ይበላል ብሎ የሚያጠፋ ሰው ላይ መሳቅ አልችልም፤ እኔም አጥፍቼ አውቃለሁ። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነሥቶ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተር ሲቆልፍ፣ የገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት መጋቢት 5 ቀን ወጥቶ ሁለት ወር ሙሉ አውራጅ ይጠብቅ ነበር።

አክስቴ ኮምፒውተር የላትም፤ ስልክ ግን አላት። ለፋሲካ «ነጻ 10 ጊጋ» የሚሰጥ አፕ ደረሳት። ስልኳ ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ ነው ብሎ አልጭንም አላት። ተቆጣች። «የማይታወቅ? የላከችልኝ የዕድራችን ጸሐፊ ናት! አርባ ዓመት የማውቃት!» ምን ይባላል? ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስም ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው ከሚያውቀው ሰው የኢሜይል አድራሻ ነበር፤ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ፣ የስሙን መጨረሻ ደብቆ። አክስቴ ይህንን ብነግራት «የኛዋ ጸሐፊ እንዲህ አታደርግም» እንደምትል ስለማውቅ ተውኩት። አፑን የጫነላት የጎረቤት ልጅ ነው። 10 ጊጋው እስካሁን አልገባም። ከስልኳ ግን ለ200 ሰው «ነጻ 10 ጊጋ» ተልኳል፤ ለእኔም ደርሶኛል።

ወደ ሦስተኛ ፎቅ ልመለስ። ፒችትሪው ሠራ። ይህንን መካድ ነውር ነው። 11 ቀን በሚገባ ሠራ፤ ኃላፊያችንም እኔን ኮሪደር ላይ ባገኙ ቁጥር «ያ ክሮምህ ምን ይላል?» ይሉኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ትንሽ ይሞቃል፣ ማታ ማታ ማንም ሳይነካው ማራገቢያው ይጮኻል፤ «ተግቶ እየሠራ ነው» ተባለ። እውነት ነው፣ ይሠራ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ነው ያልታወቀው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለው ተረት ለኤሌክትሪክም ይሆናል ብለን አላሰብንም።

በ12ኛው ቀን ጠዋት ፋይሎቹ ሁሉ አንድ የማያውቁት አያት ስም ተጨምሮባቸው ተገኙ። የደመወዝ መክፈያው፣ የሦስት ዓመት መዝገቡ፣ የንብረት ቆጠራው፣ የእኔ የደብረ ብርሃን ደረሰኝ ቅጂ፤ ሁሉም ከነባር ስማቸው ቀጥሎ አንድ የማይነበብ ቃል ለብሰው አንከፈትም አሉ። ዴስክቶፑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል፤ በቢትኮይን ይከፈል ይላል።

ኃላፊያችን ደብዳቤውን አሳትመው በእጃቸው ይዘው አነበቡት። ገለበጡት። ጀርባውንም አዩት።

«ይሄማ ቁጥርና ቀን የለውም» አሉ። «ማኅተምም የለውም። ተቀባይነት የለውም።»

የአይቲ ልጃችን አንገቱን ደፍቶ፣ እንዲህ ያሉት ከመቆለፋቸው በፊት የፋይሎቹን ቅጂ ወደ ውጭ እንደሚልኩ፣ ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ ፓስወርዶችንም ጠራርገው እንደሚወስዱ ተናገረ። ጸሐፊዋ «ዓይን ነው» አለች። ሌላው፣ እኔ በዚያን ዕለት ስለ ክሮም ብዙ ማውራቴን አስታውሶ፣ አስተያየቱ ወደ እኔ አዘነበለ። ጠጋኛችን ዘንድ ተደወለ። ፒያሳ የነበረው ሱቁ ለልማት ከፈረሰ ወዲህ ወደ ሜክሲኮ ተዛውሯል። በስልክ ገና ሳይጨርሱለት፣ «ፎርማት እናደርገዋለን፤ ፒችትሪም ከነክራኩ በፍላሽ አለኝ» አላቸው። የኃላፊያችን ፊት በራ።

የአይቲ ልጁና እኔ ሲፒዩውን እንደ ሬሳ በሁለት ወገን ይዘን ደረጃውን ወረድን። በሩ ላይ ያ ጨዋ ጥበቃ ተነሥቶ ቆመና መንገዳችንን ዘጋ።

«የንብረት መውጫ?»

ሰጠሁት። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው፣ ማኅተሙን በጣቱ ተከተለ፣ ፊርማውን አገኘ፣ ሌላ ነገር ፈልጎ አጣ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለኝ፤ «ቲተር የለውም። ያለ ቲተር ከዚህ ሕንፃ ምንም ነገር አይወጣም።»